የመብራት ጥቅሻ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያቀናው አውራ ጎዳና ሐሙሲትን አልፎ ወደ ጉማራ ወንዝ ሲጠጋ፥ በግራ በኩል የጣና ሐይቅ በደንገልና በጭጋግ ተሸፍኖ፥ በቀኝ በኩል የጉና ተራራ ከሩቅ እንደ ቅጥር ቆሞ፥ በመካከሉ ግን የፎገራ ሜዳ ዓይን እስኪደክም ድረስ ለጥ ብሎ በሚታይበት ስፍራ፥ እስከዚያ ድረስ በየዳገቱና በየመታጠፊያው ትዕግሥቱ ሲፈተን የቆየ ሾፌር ሁሉ እግሩ ሳይታወቀው ነዳጁን ይረግጣል። ይህን ስል ሾፌሮችን ብቻ መንቀፌ አይደለም፤ ተሳፋሪውም ተኮማትሮ የቆየ ትከሻውን ዘርግቶ «አሁን ገና ሄድን» የሚለው እዚያው ላይ ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ማለት መንገዱ በግጭት ምክንያት ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋ ከመሆኑ አስቀድሞ፥ ሩዙ ለአጨዳ በደረሰበት በአንድ የኅዳር ጧት፥ በዚሁ ጎዳና በሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ወረታ እሄድ ነበር። መኪናው በወንበሩ ልክ ከሞላ በኋላ አምስት ሰዎች ትርፍ ተጭነውበት፥ ሁለቱ በባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው፥ ሦስቱ ጎንበስ ብለው ቆመው ነበር። ሐሙሲትን ካለፍን ወዲህ ከፊት ለፊታችን ከረጢት እስከ አፉ የጫነ አይሱዙ መጣና በጠራራው ፀሓይ መብራቱን ሁለት ጊዜ ጠቀሰ። ሾፌራችን እጁን አንሥቶ ምስጋናውን ከመለሰ በኋላ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ረዳቱም «ዝቅ በሉ፥ ትራፊክ አለ!» ብሎ ሲጮኽ፥ በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ስግዱ ባለ ጊዜ ሕዝቡ በአንድነት እንደሚወድቅ፥ አምስቱም ትርፍ ሰዎች በአንድ ትንፋሽ ወደ መኪናው ወለል ወረዱ። ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠው ጐልማሳ ቀበቶውን ከትከሻው ላይ ሳበና፥ ሳይቈልፈው፥ የታሰረ እንዲመስል ጫፉን በእጁ ጨብጦ ያዘ። ትራፊክ ፖሊሱ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ እንደ ሽጉጥ የምትያዘውን ራዳሩን ወደ መንገዱ አነጣጥሮ ነበር፤ እኛም እንደ ጨዋ ልጅ በዝግታና በትሕትና ፊቱን አለፍን።

ትራፊኩ ከኋላችን ከመጥፋቱ ቀበቶው ተለቀቀ፥ የሰገዱት ተነሡ፥ ሳቅና ቀልድ ሆነ፥ ሾፌሩም የባከነችበትን ደቂቃ ለማካካስ ከፊተኛው ይልቅ ፈጠነ። ሦስት ወይም አራት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄድን፥ ወደ ጉማራ ድልድይ ስንቀርብ፥ ግራና ቀኙ ገና ያልታጨደ ሩዝ ስለ ሆነ ከአስፋልቱ በቀር መሄጃ ያጡ ከብቶች መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተውት አገኘናቸው፤ አንድ የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት እረኛም ዱላውን በሁለት እጁ ወደ ላይ አንሥቶ በመካከላቸው ይሮጣል። ፍሬኑ እንዴት እንደ ጮኸ፥ ከኋላ የነበረው የሩዝ ከረጢት እንዴት ተንሸራቶ ከአንዲት አሮጊት እግር ሥር እንደ ወደቀ፥ የመኪናው አፍንጫ ከአንዲት ቀይ ላም ጎድን ስንት ክንድ ርቆ እንደ ቆመ ዛሬም አልረሳሁትም። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ሰውም ከብትም አልተጎዳም።

ጥቂት ጊዜ ማንም ሳይናገር ከቆየ በኋላ እኒያ አሮጊት ነጠላቸውን አስተካክለው «ልጄ፥ ያ ስለ ትራፊኩ የነገረህ ሰውዬ የመጣው በዚሁ አይደለም ወይ? ስለ ከብቶቹ ምነው ሳይነግርህ ቀረ?» ብለው ሾፌሩን ጠየቁት። ሾፌሩ፥ የድንጋጤው ላብ ገና ከግንባሩ ሳይደርቅ፥ እየሣቀ «እማማ፥ ላም አትቀጣማ!» አላቸው። መኪናው ሙሉ ሣቀ፤ እኔም ሥቄአለሁ። ከወረድን በኋላ ግን፥ ከወረታ መናኸሪያ ወደ ቤቴ በእግሬ ስሄድ፥ በመንገዳችን ላይ ስለሚጠቀሰው መብራት ከዚያች መልስ የበለጠ እውነተኛ ትርጓሜ ሰምቼ እንደማላውቅ ተሰማኝ።

መብራት መጥቀስ በአገራችን የቆየ የሾፌሮች ቋንቋ ነው። ፊያት ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና በወጣትነታቸው ሲነዱ የኖሩ አንድ የወረታ ሽማግሌ እንዳጫወቱኝ፥ በእርሳቸው ዘመን በክረምት ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሲወጡ፥ ከዚያ ወገን የመጣው መኪና አንድ ጊዜ ከጠቀሰ «ቀስ በል»፥ ደጋግሞ ከጠቀሰ ደግሞ «አትሻገረውም፥ ተመለስ» ማለት ነበር። ጥቅሻውም ከትሩፋት የሚቈጠር፥ ስሙን ለማያውቁት መንገደኛ የሚሰጥ ምጽዋት ነበር። እንግዲህ በእኛ ዘመን የሆነው ምንድን ነው ቢባል፥ ያው ብርሃን ያው ሆኖ ሳለ ትርጓሜው ተለውጦ፥ ስለ ጎርፉ፥ ስለ ከብቱና ስለ ተበላሸው ድልድይ መንገሩ ቀርቶ፥ ከሞላ ጎደል አንድ ነገር ብቻ የሚናገር ሆነ፤ ይኸውም ሕግ አስከባሪው የት እንደ ቆመ ነው። ዛሬ በፎገራ ሜዳ ላይ መብራት የተጠቀሰለት ሾፌር መጀመሪያ የሚመለከተው ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ቀበቶው፥ ወደ ትርፍ ሰዎቹና ወደ ፍጥነት መቍጠሪያው ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ ነው ብሎ የሚያፍር ወይም የሚኰራ ቢኖር ግን ታሪክ ያርመዋል። በእንግሊዝ አገር መኪና በሰዓት ከ20 ማይል፥ ማለት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሮጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን፥ ፖሊሶች በየአጥሩ ሥር ተሸሽገው በእጅ ሰዓት ፍጥነት ሲለኩ፥ ባለ መኪኖቹ በ1905 እ.ኤ.አ. የአውቶሞቢል ማኅበር አቋቁመው በብስክሌት የሚዞሩ ሰዎች ቀጠሩ፤ የእነዚህም ሰዎች ሥራ ወጥመዱ የት እንደ ተዘረጋ ለአባላቱ መንገር ነበር። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ የፖሊስን ሥራ ማደናቀፍ ነው ብሎ በፈረደ ጊዜ፥ ማኅበሩ ብልሃት ፈጠረ፤ የማኅበሩ ሰው በመንገድ ላይ አባሉን ባየ ጊዜ ሁሉ እጁን ወደ ግንባሩ አንሥቶ ሰላምታ ይሰጣል፥ ወጥመድ ካለ ግን ሰላምታውን ይተዋል፤ ሰላምታ የተነፈገው ባለ መኪናም ቆሞ ምክንያቱን ይጠይቃል። ባለመናገሩ ማን ይከሰሳል? ሕግን በዝምታ ማለፍ ከመብራት ጥቅሻም የረቀቀ መሆኑን ከዚህ እንማራለን። በእኛ አገር በዚያን ጊዜ መኪና ገና እንግዳ ነበረ፤ እንግሊዛዊው ቤንትሊ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነውና።

ከዚያ ወዲህ የሰው እጅና የእጅ ሰዓት በመሣሪያ ተተኩ። በፈረንጅ አገር ከተሞች የታወቀውን የፍጥነት ካሜራ የፈጠረው ሞሪስ ጋትሶኒደስ የተባለው የሆላንድ ሰው፥ በ1953 እ.ኤ.አ. የሞንቴ ካርሎን የመኪና ውድድር ያሸነፈ ሯጭ ነበረ፤ መሣሪያውንም በመጀመሪያ የሠራው በመታጠፊያ ላይ የራሱን ፍጥነት ለክቶ ይበልጥ ለመፍጠን ነው። ለመፍጠን የተሠራው መሣሪያ ፈጣኖችን የሚይዝ ወጥመድ መሆኑ ሣቅ ያሰኛል። ራዳሩ ደግሞ የሚሠራው ኦስትሪያዊው ሊቅ ዶፕለር በ1842 እ.ኤ.አ. በገለጸው ጠባይ ነው። አውቶቡስ ጡሩምባውን እየነፋ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፥ አልፎን ሲሄድ ይጐረናል፤ እንደዚሁም ከራዳሩ የወጣው ሞገድ በሚሮጠው መኪና ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ በፍጥነቱ ልክ ይለወጣልና፥ መሣሪያው ልዩነቱን ቈጥሮ ኪሎ ሜትሩን ይናገራል።

የራዳር ማሽተቻ የሚባለው መሣሪያም ጥበቡን ያገኘው ከዚሁ ነው። የፖሊሱ ሞገድ ፍጥነት ለመለካት መኪናው ዘንድ ደርሶ፥ ደክሞ፥ ወደ ፖሊሱ መመለስ አለበት፤ ማሽተቻው ግን የሚፈልገው የመሄጃውን መንገድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሞገዱ ለመመለስ አቅም ከማግኘቱ በፊት ሰምቶ ይጮኻል። በሌዘር የሚለካው መሣሪያ ሲመጣ ይህ ብልጫ ጠፋ፤ ጨረሩ እንደ መርፌ የቀጠነ ስለ ሆነ ማሽተቻው ሲጮኽ ነገሩ አልቋል። ከዚህ የተነሣ የዘመናችን ሰው ሞገድ ማሽተቱን ትቶ ወደ ስልኩ ዞረ፤ አንዱ ካሜራ ወይም ፖሊስ ያየበትን ስፍራ በስልኩ ይመዘግባል፥ የሚከተለው ሾፌር ጂፒኤሱ ወደዚያ ስፍራ መቅረቡን ባወቀ ጊዜ «ፍጥነት ቀንስ» የሚል ድምፅ ይሰማል። በሰሜን አሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት የሚኖር የአክስቴ ልጅ እንደ ነገረኝ፥ በእርሱ አገር ማሽተቻውን በመኪና ውስጥ መያዝ ክልክል ነው፥ ስልኩ ግን አይከለከልም፤ ድልድዩን ተሻግሮ ካሜራ ወደሚበዛባት ወደ ዋሽንግተን ሲገባም ያቺ የስልክ ሴት ከሚስቱ ይልቅ ደጋግማ ትመክረዋለች።

እንግዲህ ይህን ጥበብ ወደ ፎገራ አምጥተን እንየው። ጂፒኤስ የሚባለው ሥርዓት ከምድር 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው በሚዞሩ ሳተላይቶች የሚሠራ ነው። በእኛ አገር ይህ ሥርዓት ሁለት ጌታ ያገለግላል፤ ባለ ንብረቱ ሾፌሩ የት እንደ ደረሰና ስንት እንደ ነዳ ለማወቅ በጭነት መኪናው ላይ ያስገጥመዋል፥ ሾፌሩ ደግሞ በኪሱ ባለው ስልክ ከባልንጀሮቹ ጋር «ሐሙሲት መውጫ ላይ አሉ»፥ «ወረታ መገንጠያ ነጻ ነው» እየተባባለ ይጠቀምበታል። በአገራችን እንደ ፈረንጁ በየምሰሶው የተተከለ የፍጥነት ካሜራ ብዙ ባይሆንም፥ በአዲስ አበባ በታደሱት ጎዳናዎች ላይ ካሜራዎች መበርከታቸውን ያየ ሰው ነገሩ ወደ ክልል ከተሞች መዝለቁ እንደማይቀር ይረዳል፤ በዚያን ጊዜም የዛሬው ጥቅሻ ወደ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ይገባል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። ከደመና በላይ ያለው ይህ ሁሉ ጥበብ፥ አንድ ትራፊክ ፖሊስ በየትኛው ባሕር ዛፍ ሥር እንደ ቆመ አጣርቶ ሲነግረን፥ ከጉማራ ድልድይ ማዶ ከብቶች መንገድ ላይ መቆማቸውን አይነግረንም። ሳተላይቱን አልወቅስም፤ የሚናገረው የነገሩትን ነው፥ ነጋሪዎቹም ላም አትቀጣማ የሚሉ ናቸው።

አባቶቻችን ሕግን በሦስት ከፍለው ሕገ ልቡና፥ ሕገ ኦሪት፥ ሕገ ወንጌል እያሉ ያስተምራሉ። ከአዳም እስከ ሙሴ ድረስ የነበሩት አበው በድንጋይ የተጻፈ ትእዛዝ ሳይኖራቸው፥ ማንም ሳያያቸው፥ በልባቸው በተተከለው ሕግ ክፉውን ከበጎ ለይተው ኖሩ፤ በልብ የነበረው ሲዘነጋ የተጻፈው አስፈለገ። የመንገድም ነገር እንደዚሁ ይመስለኛል። የትራፊክ ደንቡ በከተማ ውስጥ ለመኪና የወሰነው የፍጥነት ልክ፥ ራዳሩም፥ የክስ ወረቀቱም የኦሪት ወገን ናቸው፤ በጽላት የተጻፉና በቅጣት የሚጠበቁ። ጥቅሻውና ስልኩ የሚያደርጉት ታዲያ ይህን ኦሪት መሻር ሳይሆን፥ ኦሪቱ የሚጸናበትን ስፍራ አጥብቦ ራዳሩ በሚያይባት በሦስት መቶ ሜትር ውስጥ ብቻ እንዲኖር ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ፥ እረኛው ያለበት መንገድ፥ ለሕገ ልቡና ይተዋል፤ ያን ደግሞ ስንነሣ መናኸሪያው ውስጥ ትተነው መጥተናል። (ሕገ ልቡና ያለ ጠባቂ መጽናቱን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር፥ ከወረታ ወደ ዓለም በር በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፥ ዙምራ ኑሩ በመሠረቱት በአውራምባ ማኅበረሰብ ሸማኔዎቹ እንዴት እንደሚኖሩ ቢያይ አይጎዳም።)

ሾፌሮች ለዚህ መልስ እንዳላቸው አውቃለሁ፥ መልሳቸውም ከንቱ አይደለም። አንደኛው መልሳቸው «ጥቅሻው ራሱ ሾፌሩን ያዘገየዋል፤ ፖሊሱስ የሚፈልገው ይህን አይደለም ወይ?» የሚል ነው። በሚዙሪ ግዛት አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ በ2014 እ.ኤ.አ. ነገሩን በዚህ በኩል አይቶ፥ መብራት መጥቀስ ሰውን ሕግ እንዲያከብር መንገር ነው፥ መናገርም መብት ነው ወደ ማለት አዘነበለ። እኔም መናገር መሆኑን አልክድም፤ የምጠይቀው ምን እየተናገረ እንደ ሆነ ነው። «ቀስ በል፥ ሰው አለ» ቢል ጥቅሻው የተቀደሰ ነበር፤ እየተናገረ ያለው ግን «ሦስት ደቂቃ ታገሥ፥ ከዚያ በኋላ እንደ ልብህ» ነው፤ ያ ሾፌራችን ትራፊኩን ካለፈ በኋላ ከበፊቱ ይልቅ መፍጠኑን በዓይኔ አይቻለሁና።

ሁለተኛው መልሳቸው ይበልጥ ይከብዳል። «ትራፊኩ ለምን ይሸሸጋል?» ይላሉ። በገነት ያጠፋው አዳም ነበር ከዛፍ መካከል የተሸሸገው፤ በእኛ መንገድ ግን ከዛፍ ሥር የሚሸሸገው ጠያቂው ሆነና ነገሩ ተገላበጠ። ፖሊስ አደጋ ከሚበዛበት መገንጠያና ከትምህርት ቤት በር ርቆ፥ መንገዱ ቀጥ ባለበትና ሁሉም በሚፈጥንበት ጥላ ሥር ከቆመ፥ ሾፌሩ ነገሩን የነፍስ ጥበቃ ሳይሆን የገንዘብ ለቀማ አድርጎ ቢተረጕመው በእርሱ ብቻ አንፈርድም። የክስ ወረቀቱ ሳይቈረጥ ነገሩ በእጅ ጭበጣ ያለቀበትን ቀን ያየ ተሳፋሪ ደግሞ፥ እኔን ጨምሮ፥ ብዙ ነው፤ የት እና በማን እንደ ሆነ መዘርዘር ግን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ሕግ አስከባሪው ሲያጐድል ሕጉ ራሱ ይናቃል፤ ያን ጊዜ መብራት የሚጠቅሰው ሾፌር ራሱን እንደ ሕግ አፍራሽ ሳይሆን እንደ ግፉዓን ረዳት ይቈጥራል። ይህን ሳይረዱ ጥቅሻን በአዋጅ ለመከልከል መነሣት፥ የእንግሊዙን ሰላምታ የመሰለ ሌላ ብልሃት መጋበዝ ነው።

ይሁን እንጂ የፎገራን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሁለቱንም መልሶች ሰምቶ ዝም ለማለት ይቸገራል። ይህ መንገድ ለመኪና ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ወይም ለመኪና ብቻ ተሠርቶ ከሆነ ሜዳው አልተቀበለውም። ፎገራ ዙሪያው ሁሉ በክረምት ውኃ የሚተኛበት አገር ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሕዝቡን ከቤቱ ባስወጡት ጊዜ ደረቅ ሆኖ የተገኘው ከፍ ብሎ የተደለደለው ይኸው አስፋልት ነበረ። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት በጅግናና በሻጋ የተጀመረው የሩዝ እርሻ ዛሬ «ነጭ ወርቅ» ተብሎ ሜዳውን ከሞላ ጎደል ስለ ወረሰው፥ በወተቷ ስሟ የተጠራው የፎገራ ላም ግጦሿ ጠቦ ወደ መንገዱ ዳር ተገፍታለች። ከአጨዳ በኋላ ደግሞ ገበሬው ሩዙን የሚያሰጣበት ደረቅና ንጹሕ ነገር ከአስፋልቱ የተሻለ አያገኝም፤ በታኅሣሥ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን የሄደ ሰው፥ የመንገዱ አንድ ጎን እንደ አውድማ ቢጫ ለብሶ፥ ሴቶች በእግራቸው ሩዙን እያገላበጡ፥ ልጆች ዶሮ ሲያባርሩ ያያል። በዚህ ላይ ወረታ ከደብረ ታቦርና ከወልድያ የሚመጣው፥ ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚሉት ጎዳና የሚገናኝባት መገንጠያ ናት፤ ደረቅ ወደቡም የተሠራው በዚህችው ከተማ ነውና ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ፥ ባጃጅ፥ ጋሪ፥ የገበያ ሰውና አህያ በአንድ አደባባይ ይጋፋሉ።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንዲት ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሾፌሩ ላሟን አይቶ እግሩን ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪያዛውር ብቻ ይህን ያህል መሬት አልቋል፥ ፍሬኑ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኃይል እጥፍ አይሆንም፥ አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በመንገድ አደጋ የሞተውን ሰው 1.19 ሚሊዮን ያህል አድርጎ ቈጥሮታል፤ በእኛ አገር በፖሊስ የተመዘገበው ብቻ በዓመት ከ3 ሺህ ይበልጣል፥ ከሟቾቹም ብዙዎቹ መኪና ውስጥ ያልነበሩ፥ በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ይህ የመጨረሻው ነገር የጥቅሻውን ሚዛን ያፋልሰዋል። ጥቅሻው ከመኪና ወደ መኪና የሚሄድ ቋንቋ ነው፤ ሾፌር ለሾፌር ያዝናል፥ ባለ ስልክ ለባለ ስልክ ይናገራል፥ ሩዝ የምታገላብጠው ሴት ግን የዚህ ማኅበር አባል አይደለችም፤ ማንም አይጠቅስላትም። ረዳታችን «ዝቅ በሉ» ባለ ጊዜ የሰገድነው እኛም የማኅበሩ አባላት መሆናችንን በዚያች ስግደት መሰከርን።

ምን ይደረግ ቢባል፥ እኔ የፈረንሳዮቹ ነገር ደስ ይለኛል። እነርሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ካሜራ የሚጠቍሙትን መሣሪያዎች በከለከሉ ጊዜ፥ ሠሪዎቹ «የአደጋ ቀጠና» ወደሚል ማስጠንቀቂያ ተመለሱ፤ ይኸውም መሣሪያው ካሜራው የቆመበትን ነጥብ ሳይሆን ከከተማ ውጭ በተራ መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን አደገኛ የመንገድ ክፍል እንዲናገር ነው፤ ሾፌሩ በዚያ ውስጥ ካሜራው የት እንዳለ ስለማያውቅ ሁለቱንም ኪሎ ሜትር በዝግታ ይሄዳል። በእኛም አገር ከጉማራ ድልድይ ወዲህና ወዲያ፥ በወረታ መገንጠያ፥ ከርብ ድልድይ አጠገብ «ከዚህ ጀምሮ በራዳር ይታያል» የሚል ጉልህ ሰሌዳ ቢተከልና ትራፊኩ ከባሕር ዛፉ ጥላ ወጥቶ፥ አንዳንድ ቀን ቢኖር አንዳንድ ቀን ባይኖር፥ በዚያ ክልል ውስጥ ቢቆም፥ የጥቅሻው ገበያ በግማሽ ይቀዘቅዝ ነበር። የታወቀውን ነገር ማን ይጠቅሳል? በስልክ የሚነጋገሩት የሾፌር ማኅበሮችም ስለ ትራፊኩ በሚተጉበት ትጋት እኩሌታ ስለ ከብቱና በአስፋልት ላይ ስለ ተሰጣው ሩዝ ቢነጋገሩ፥ እኒያ ሽማግሌ የኤንትሬ ሾፌር የነገሩኝ የጥንቱ ቋንቋ ነፍስ ይዘራ ነበር። ለሩዙ ማስጫ የሚሆን የተደለደለ ስፍራ በየቀበሌው ማዘጋጀትም ከራዳር ግዢ የሚከብድ ወጪ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ይህ ለግብርና ሰዎች የሚተው ነው።

ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ የራሴን ነገር ሰውሮ ማለፍ አግባብ አይሆንም። ባለፈው ዓመት የዘመድ ፒክአፕ ተውሼ፥ ብቻዬን፥ ከወረታ ወደ ሐሙሲት ስሄድ፥ ከከተማው እንደ ወጣሁ በመንገዱ ዳር ሁለት ትራፊኮች ቆመው መኪና ሲያስቆሙ አየሁ። እኔን አላስቆሙኝም። ትንሽ እንደ ሄድሁ ከፊት ለፊቴ አንድ ነጭ ሚኒባስ እየበረረ መጣ፤ እኔም ሳላስበው፥ እጄ ከአሳቤ ቀድሞ፥ መብራቱን ሁለት ጊዜ ጠቀስሁ። በዚያ መኪና ውስጥ ማን እንዳለ፥ ሾፌሩ ጠጥቶ እንደ ሆነ፥ ስንት ሰው በጀሪካን ላይ ተቀምጦ እንደ ነበረ አላወቅሁም። ሾፌሩ እጁን አንሥቶ አመሰገነኝ፥ ረዳቱም በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ሣቀልኝ። በመስተዋቴ እስኪጠፋ ድረስ ተከተልሁት፤ ወደ ወረታ እየገባ ነበር፥ ሰዓቱም ተማሪዎች ከትምህርት ቤት የሚለቀቁበት ነበረ።